ፊፍቲን ስል ፊፍቲ ሆነብኝ፦ በፖከር የመጨረሻ ካርታ ላይ ትንሽ ማስያዝን እንዴት እንደተማርኩ

ነገሩ የተበላሸው እቁብ በደረሰኝ ወር ነው። ላስ ቬጋስ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አሥር ሆነን በየወሩ 500 ዶላር እንጥላለን። የኔ ተራ ደረሰና 5,000 ዶላር እጄ ገባ። ግማሹ አገር ቤት ለእናቴ ቤት ጣሪያ ነበር የታሰበው። በአምስት ሳምንት ውስጥ 1,900 ዶላሩ ፖከር ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

በአንድ ሌሊት ቢሆን ኖሮ ደንግጬ አቆም ነበር። እኔ ግን እንደዚያ አይደለም የተበላሁት። ፈረቃዬን ስጨርስ ጎራ እላለሁ፣ 60 ዶላር እበላለሁ። በማግስቱ 80። አንድ ቀን 140 አሸንፌ እወጣና "በቃ ገባኝ" እላለሁ። ሰኞ ደግሞ 200 ይሄዳል። ገንዘብ እየተቆራረሰ ሲሄድ ድምፅ የለውም። ለባለቤቴ የነገርኳት የጣሪያው ብር ሲፈለግ ነው። የዚያን ምሽት ወሬ እዚህ አልጽፈውም።

ይህን የምጽፈው ፖከር ተጫወቱ ለማለት አይደለም። ካልጀመራችሁት ባትጀምሩት ይሻላል። ግን የኛን ልጆች ከሥራ መልስ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አገኛቸዋለሁ። እኔ የሠራሁትን ስህተት፣ እኔ በሠራሁበት ቦታ ላይ ሲደግሙት አያለሁ። ቦታው የመጨረሻዋ ካርታ ናት።

ለማያውቅ በአጭሩ፦ የምንጫወተው ኖ ሊሚት ሆልደም የሚባለውን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይሰጠዋል። መሃል ላይ ለሁሉም የሚያገለግሉ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ። መጀመሪያ ሦስት፣ ፍሎፕ ይባላል። ከዚያ አንድ፣ ተርን። በመጨረሻ አንድ፣ ሪቨር። ከሰባቱ የተሻለ አምስት ያገኘ ፖቱን፣ ማለትም መሃል የተጠራቀመውን ገንዘብ፣ ይወስዳል። በየመሃሉ ገንዘብ ይያዛል። ኮንከርና ክሬዚ እየተጫወተ ላደገ ሰው ካርታው አይከብድም። የሚከብደው ገንዘቡ ነው።

በነገራችን ላይ ፈረንጆቹ ገንዘብ ማስያዝን የሚጠሩበት ቃል በኛ ፊደል ሲጻፍ "ቤት" ነው የሚሆነው። "ትንሽ ቤት አደረግኩ" ብዬ ከምጽፍ "አስያዝኩ" ልበል። እውነተኛ ቤቱን ያስያዘ ሰውም አውቃለሁ፤ እሱ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን አንዷን እጅ ላሳያችሁ። ካርታው እስካሁን ከነቦታው ይታየኛል። ጨዋታው 1/3 ነው፤ ማለትም ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በተራ 1 ዶላርና 3 ዶላር ያስቀምጣሉ። የ3 ዶላሩ ተራ የኔ ነበር። ኪንግና አሥር ይዣለሁ። ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ 15 አለ። እኔ ብቻ ከፈልኩ። ፖቱ 31 ሆነ። (ካዚኖው ከየፖቱ የሚቆርጣት ኮሚሽን አለች፤ ሂሳቡ እንዳይወሳሰብ ትቻታለሁ።) ፍሎፑ ኪንግ፣ ስምንት፣ አራት። (ቼክ ማለት ሳያስይዙ ተራን ማሳለፍ ነው።) ቼክ አልኩ። 15 አስያዘ፣ ከፈልኩ። 61። ተርኑ ሁለት ቁጥር። ሁለታችንም ቼክ አልን። ሪቨሩ ኩዊን ሆነች።

እኔ የኪንግ ጥንድ አለኝ። ጥሩ እጅ ናት፣ ግን የምትኮራባት አይደለችም። ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ቼክ አልኩ። ያኔ ቼክ ማለት ለኔ "ምንም አለመወሰን" ነበር። ሰውየው ቺፖቹን፣ በገንዘብ ፋንታ የምንጫወትባቸውን ክቦች፣ ትንሽ አሻሸና 60 ዶላር ገፋ።

ያን ጊዜ ውስጤ የሆነውን ማንም የተጫወተ ያውቀዋል። ጆሮዬ ጋለ። "እያስፈራራኝ ነው" አልኩ። "ተርን ላይ ቼክ ብሎ አሁን ከየት አመጣው?" አልኩ። እውነቱን ለመናገር ማሰብ አልነበረም፣ እልህ ነበር። ከፈልኩ። ኪንግና ኩዊን ገለጠ። ሁለት ጥንድ። 60 ዶላር በአንዲት ካርታ ሄደ።

ጥፋቴ መክፈሌ መሰለኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ሪቨር ላይ ደህና ጥንድ ስይዝ ፖቱን የሚያህል ገንዘብ አስይዛለሁ፤ "ይፍሩኝ" ብዬ። ፈሩኝ። ከኔ ያነሰ የያዘ ሁሉ ካርታውን ይጥላል። የሚከፍለኝ ከኔ የበለጠ የያዘ ብቻ ነው። ሳሸንፍ ምንም አልጨምርም፣ ስሸነፍ ግን ሙሉውን እከፍላለሁ። ይህን ለማስተዋል 1,900 ዶላር መፍጀት አልነበረበትም። ግን ፈጀ።

መታጠፊያው የመጣው በአንድ ትልቅ ሰው ነው። ካዚኖ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ካርታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሐበሻ ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ከጎኔ ተቀምጠው ስሸነፍ ሲያዩ ያመሻሉ፤ ግን አንዲት ቃል አይተነፍሱም። እዚህ አገር ጨዋታ እየተካሄደ ጠረጴዛ ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ መናገር ክልክል ነው። ሁለት ሰዎች እንዳይመካከሩ ነው። እኔ ያኔ ይህን በደንብ ስላላወቅኩ በአማርኛ "ጋሼ፣ እንዴት ነው ይሄ?" ስላቸው ዲለሩ፣ ካርታ የሚያድለው ሠራተኛ፣ ተቆጣኝ። ጋሼ ዓይናቸውን እንኳ አላነሱም።

በኋላ ዲካተር ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ቡና ይዘን ተቀመጥን። የኪንጓን እጅ ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና "አንተ ልጅ፣ መርካቶ ሄደህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ዋጋ ቀድሞ የጠራ ይጎዳል ይባላል፣ አይደል? ፖከር ላይ መካከለኛ ዕቃ ከያዝክ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቀድመህ ጥራ። ትንሽ ዋጋ ጥራ። አንተ ዝም ስትል ነው እኮ ሰውየው 60 ያለህ። ቀድመህ 20 ብትል ኖሮ ሊተርፍህ የሚችለው ስንት ነበር?"

ወረቀት አወጡና ጻፉልኝ። ፖቱ 61 ነው። እኔ 20 ባስይዝ ሰውየው 81 ለማግኘት 20 ይከፍላል። ከአምስት አንዴ ቢያሸንፍ ይበቃዋል። ስለዚህ ደካማ እጅ የያዘ ሰውም ለመክፈል ሰበብ አለው። የስምንት ጥንድ ይዞ ለ60 ዶላር የሚጥል ሰው፣ ለ20 ሲሆን "ልየው እስቲ" ይላል። ከሱ 20 አገኛለሁ። ኪንግና ኩዊን የያዘው ደግሞ ይጨምርብኛል፤ ያኔ እጥልና 20 ብቻ ይጎድለኛል። 60 አይደለም።

"ትንሽ ማስያዝ ፍርሃት አይደለም" አሉኝ። "ዋጋውን ማን ይወስን ነው ጥያቄው።"

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ሳቅ ሆኖ ቀረ። ፖቱ 55 ያህል ነበር። የአሥር ጥንድ ይዣለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ኪንግ አለ። ፊት የምጫወተው እኔ ነኝ። ከፊቴ ያለችው ፈረንጅ ሴትዮ እንደኔው የምትጠራጠር ትመስላለች። ሩቡን ላስይዝ ብዬ "ፊፍቲን" አልኩ። ዲለሯ ጮክ ብላ "ፊፍቲ!" አለች። አፌን ከፍቼ ሳልዘጋ ሴትዮዋ ካርታዋን ገልጣ ጣለች። የሰባት ጥንድ። "15 ብትል ኖሮ እከፍልህ ነበር" አለችኝ እየሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ትምህርቱ ከጋሼ ወረቀት የበለጠ ገባኝ። እዚያው እጅ፣ እዚያው ካርታ፣ እዚያችው ሴትዮ። በ50 ትጥላለች፣ በ15 ትከፍላለች። ልዩነቱ የኔ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ለኛ ሰዎች የምለግሰው የመጀመሪያ ምክር ስለ ካርታ አይደለም። አትናገሩ። በአፍ የተባለ ቁጥር ያስራል። በትክክል የምትፈልጉትን ቺፕ ቆጥራችሁ፣ በአንድ እንቅስቃሴ ወደፊት ግፉት። ሁለት ጊዜ እየመለሳችሁ ብትጨምሩ ሁለተኛውን አይቆጥሩላችሁም። ትልቅ ቺፕ ወርውሮ መልስ መጠበቅም አደጋ ነው። ማንም ሳያስይዝ ጥቁሯን የ100 ዶላር ቺፕ ዝም ብላችሁ ብትጥሉ 100 አስያዛችሁ ማለት ነው። ለ15 ሦስት ቀይ፣ ለ25 አንድ አረንጓዴ። አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ደስ የሚሉ ነበሩ። ሪቨር ይወጣል፣ ሩቡን ወይም ሲሶውን አስይዛለሁ፣ ሰዎች ይከፍሉኛል። "ለ20 ዶላርማ አልጥልም" እያሉ የሦስት ጥንድ ያሳዩኛል። ከዚህ በፊት ቼክ ብዬ የማልፋቸው እጆች ሁሉ 15 እና 20 ዶላር ማምጣት ጀመሩ። የሚያስደነግጡኝ የ60 ዶላር ውሳኔዎችም ቀነሱ። አብዛኛው ሰው ከፊቱ ትንሽ ገንዘብ ሲያይ ወይ ይከፍላል ወይ ይጥላል፤ እንደዚያ ኮፍያው ሰውዬ ተነስቶ ትልቅ አያስይዝም።

ሁለተኛው ጥፋቴ እዚህ ላይ ገባ። ሰው ሲጨምርብኝ መጣል አቃተኝ።

አስቡት፣ የትንሽ ማስያዝ ግማሽ ጥቅሙ በርካሽ መውጣት መቻሉ ነው። እኔ ግን 20 አስይዤ አንዱ 80 ሲያደርገው "20ዬን እማ አልተውም" እላለሁ። የድሮው እልህ በሌላ በር ገባ። አንድ ቀን ማስታወሻ ደብተር ገዛሁና መጻፍ ጀመርኩ። ሪቨር ላይ አስይዤ ተጨምሮብኝ ከፍዬ ያየሁትን ብቻ። አሥራ አንድ ሲሞላ ቆጠርኩ። ሁለቱን አሸንፌያለሁ። ዘጠኙን ተበልቻለሁ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ፖቱ 60፣ እኔ 20፣ እሱ 80። 60 ጨምሬ ከፊቴ ያለውን 160 ለማግኘት ነው የምከፍለው። ኪሳራ እንዳይሆን ከአራት አንዴ በላይ ማሸነፍ አለብኝ። ከአሥራ አንድ ሁለት ከአምስት አንዴም አይሞላም። በኛ ዓይነት ትንንሽ ጨዋታ ላይ፣ ሪቨር ላይ የሚጨምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ከሥራ የመጣ ሰው ነው፣ ቢራ ይዟል፣ ለመታየት ብሎ 80 ዶላሩን አይወረውርም። ስለዚህ ከማስያዛችሁ በፊት ወስኑ፦ "ቢጨምርብኝ እጥላለሁ።" ያንን በልባችሁ ካልተናገራችሁ 20ዋን አታስይዙ። እኔ እስካሁን ቺፑን ከመግፋቴ በፊት ከንፈሬ ትንቀሳቀሳለች። ጋሼ "ጸሎት ነው ወይ?" ይሉኛል።

ይሄ ተስተካክሎ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ችግር መጣ። ጆሮ ማዳመጫ የማያወልቅ አንድ ወጣት ልጅ ጠረጴዛችን ላይ መምጣት ጀመረ። ፀጥ ያለ ነው። ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ሪቨር ላይ ትንሽ ሳስይዝ ሁሉ ይጨምርብኝ ጀመር። እኔም በሕጌ መሠረት እጥላለሁ። ይጨምራል፣ እጥላለሁ። አንድ ማታ አራት ጊዜ አደረገው። አራተኛው ላይ ካርታውን ገልጦ አሳየኝ፤ ምንም አልነበረውም።

ቤቴ ሄጄ ደብተሬን ገለበጥኩ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ጠንካራ እጅ ስይዝ ትልቅ አስይዛለሁ። መካከለኛ ስይዝ ትንሽ አስይዛለሁ። ልጁ ካርታዬን ማየት አላስፈለገውም፤ ቺፖቼን መቁጠር በቂው ነበር። ግንባሬ ላይ ጽፌ ነበር የምቀመጠው።

መፍትሄውን ጋሼም ነገሩኝ፣ ራሴም ደረስኩበት። ከትንሿ ማስያዣ ውስጥ ጥቂት ጠንካራ እጆች መደበቅ አለባቸው። ሁልጊዜ አይደለም። ልጁ መጨመር እንደሚወድ ካወቅኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ የአምስት ጥንድ መጣልኝ። ፍሎፑ ኪንግ፣ አምስት፣ ሁለት። ተርኑ ዘጠኝ። ሪቨሩ ሌላ ዘጠኝ። ፉል ሃውስ ሆንኩ፤ ሦስት አምስትና ጥንድ ዘጠኝ፣ በጣም ጠንካራ እጅ ናት። ፖቱ 90። እንደወትሮው አንድ አረንጓዴ ቺፕ ገፋሁ፣ 25። ልጁ አላቅማማም፣ 110 አደረገው። እኔ ደግሞ ትንሽ ቆይቼ ያለኝን ሁሉ አልኩ፣ 260 ገደማ።

የጆሮ ማዳመጫውን ያወለቀው ያን ጊዜ ነው። ረጅም ሰዓት አየኝ። ከዚያ ጣለ። ብዙ ሰው "ቢከፍልህ ይሻል ነበር" ይለኛል። ይሻል ነበር። ግን ከዚያ ማታ በኋላ ልጁ በኔ ላይ መጨመር ተወ። መካከለኛ እጆቼ እንደገና በሰላም 20 ዶላራቸውን ማምጣት ጀመሩ። የዚያች እጅ ትርፍ 110ሩ ብቻ አይደለም።

ሕጉ ግን ሰው እያዩ ነው። ሁልጊዜ የሚከፍል፣ ለምንም የማይጥል ሰው ከፊታችሁ ካለ፣ ጠንካራ እጅ ይዛችሁ ትንሽ ማስያዝ ምጽዋት መስጠት ነው። እሱ ላይ ትልቁን አስይዙ። ትንሿን ማጥመጃ የሚነክሰው መጨመር የሚወድ ሰው ነው።

ባዶ እጅ ይዞ ትንሽ አስይዞ ማስፈራራትስ? ይሄን ብዙ ይጠይቁኛል። በወረቀት ላይ ያምራል። የፖቱን ሩብ ካስያዛችሁ፣ ከአምስት አንዴ ቢጥልላችሁ ኪሳራ የለባችሁም። እሱም እንደናንተ ያሰበው ካርታ ሳይመጣለት ከቀረ፣ ምንም ሳይኖረው ግን አስ ስለያዘ ብቻ ሊያሸንፋችሁ ከሆነ፣ ያችን አስ በ15 ዶላር ማስጣል ትችሉ ይሆናል። ግን እንደ ሴትዮዋ "ለ15ማ ልየው" የሚል ሰው ላይ አይሠራም። ጥንድ ያለውን ሰው በትንሽ ገንዘብ አስፈራራለሁ ብላችሁ አትድከሙ። እኔ ሞክሬ ወደ 300 ዶላር ገደማ ከፍዬበታለሁ።

ሌላው ሰዎች የሚያምታቱት ነገር የመቀመጫ ጉዳይ ነው። እስካሁን የነገርኳችሁ "ዋጋ ቀድሞ መጥራት" ፊት ለሚጫወት ሰው ነው። መጨረሻ የምትጫወቱ ከሆነና ሰውየው ቼክ ካላችሁ፣ ማንም 60 ሊላችሁ አይችልም። ቼክ ብላችሁ ካርታ መግለጥ ትችላላችሁ፣ በነፃ። ስለዚህ እዚያ ላይ "ለመከላከል" ብሎ ማስያዝ ትርጉም የለውም። ማስያዝ ያለባችሁ ሲከፍሏችሁ ከግማሽ በላይ የምታሸንፉ ከመሰላችሁ ብቻ ነው። ፊት ስትሆኑ ግን ንጽጽሩ ሌላ ነው። ቼክ ብትሉ ምን ይመጣባችኋል? የሚመጣው ከ20 የከፋ ከሆነ፣ 20ዋ ትሻላለች። ይህን ልዩነት ለመረዳት እኔ ብዙ ወር ፈጅቶብኛል። ልጁ ግን ገና ሲመጣ ያውቀው ነበር።

መጠኑም ቀልድ አይደለም። የመጨረሻው ትንሹ የሚፈቀደው በኛ ጨዋታ 3 ዶላር ነው። አንዳንዱ ሰው 60 ፖት ላይ 3 ዶላር ያስይዛል። ያ ዋጋ መጥራት አይደለም፤ "ና ጨምርብኝ" ብሎ መጥራት ነው፣ የሚያመጣውም 3 ዶላር ነው። ከሩብ እስከ ሲሶ ለኔ ሠርቶልኛል። ሲሶ ሲደርስ የሚያቅማሙ ሰዎች ካሉ ወደ ሩቡ አወርዳለሁ። ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፍጥነት ይኑራችሁ። እኔ ድሮ ትንሽ ሳስይዝ እፈጥን ነበር፣ ቶሎ እንዲያልፍ የፈለግኩ ይመስል።

የሚገርመው፣ ፊት ሆኖ እንዲህ ተነስቶ ማስያዝ ድሮ የጀማሪ ምልክት ነበር። ጋሼ ካርታ በሚያድሉበት ዘመን ባለሙያዎቹ ይስቁበት ነበር አሉኝ። ከዚያ ኮምፒውተሮቹ መጡ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2017 ሊብራተስ የተባለው የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ፒትስበርግ ውስጥ አራት ባለሙያዎችን በ120,000 እጅ ገጥሞ አሸነፋቸው። በ2019 ደግሞ ፕሉሪበስ የሚባለው መጣ፤ እሱ ስድስት ሆነው በሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ ነው ያሸነፈው። ፕሉሪበስ ያለፈውን ዙር በመክፈል ጨርሶ ቀጣዩን ራሱ በማስያዝ መጀመርን፣ ያንኑ የጀማሪ ምልክት የተባለውን፣ ከባለሙያዎቹ በጣም አብዝቶ ይጠቀምበት ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው "ከኔ ነው የተማረው" አሉኝ። አልሳቁም።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ይሄን ሁሉ አውቄም ሀብታም አልሆንኩም። ደብተሬ ላይ ያለው ትርፍ፣ ለተቀመጥኩበት ሰዓት ስካፈለው ከታክሲው ያነሰ ነው። አሁን የምጫወተው ቅዳሜ ብቻ ነው። 300 ዶላር በፖስታ ይዤ እገባለሁ፣ ካርዴ ቤት ይቀራል። ፖስታው ካለቀ እወጣለሁ። እቁቡን ባለቤቴ ናት የምትቀበለው፤ የሷ ሃሳብ ነበር፣ ትክክልም ነች። የእናቴ ቤት ጣሪያ በዓመቱ ተሠራ። በታክሲ ገንዘብ እንጂ በፖከር አይደለም።

እናንተም 60 ዶላር ለማስመለስ ብላችሁ የምትቀመጡ ከሆነ፣ ያ ቀን ስለ ሪቨር የጻፍኩት ምንም አይጠቅማችሁም። እልህ የያዘው ሰው 20 አስይዞ 80 ሲመጣበት አይጥልም። እኔ አልጥልም ነበር። እንዲያ ያለ ቀን ሲሆን መኪናችሁ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ለሆነ ሰው ደውሉ። ነገሩ ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞና ወደ ሐሙስ ከተሻገረ፣ ወይም መዋሸት ከጀመራችሁ፣ ደብተርም ሂሳብም አያድንም፤ ቶሎ ለቤት ሰው ንገሩ። እኔ አምስት ሳምንት ዘግይቼ ነው የነገርኩት።

ባለፈው ወር ከጋሼ ጋር አንድ እጅ ላይ ተገናኘን። ሌላው ሁሉ ጥሎ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሪቨሩ ወጣ፣ ፖቱ 70 ነበር። ፊት የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀይ ቺፕ በሁለት ጣታቸው ይዘው በአንዴ ገፉ። 15 ዶላር። እንግሊዝኛ ብቻ ነውና ዝም ብለን ተያየን። የዘጠኝ ጥንድ ይዣለሁ። 85 ለማግኘት 15 ነው። ከስድስት አንዴ ባሸንፍ እንኳ ያዋጣኛል። መጨመር አሰብኩ፣ ከዚያ ደብተሬ ትዝ አለኝ። ደግሞ ጋሼ ፉል ሃውስም ይዘው 15 ያስይዛሉ፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ከፈልኩ። የጃክ ጥንድ ገለጡ። ዲለሩ ፖቱን ወደሳቸው ሲገፋ አንዷን ቀይ ቺፕ ለሱ ወረወሩለትና ወደኔ ዞሩ።

"ቡናው በኔ ነው" አሉኝ። እጁ ስላለቀ በአማርኛ።